ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እና የትምህርት ቋንቋ

ከቁስቋም ማርያም ወደ መሐል ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በዚያው በጉለሌ፣ ቀድሞ ተፈሪ መኮንን ይባል የነበረው ትምህርት ቤት ይገኛል። ትምህርት ቤቱ በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በይበልጥ የሚታወቁት በሕክምና ሙያቸው ቢሆንም፣ ሕይወታቸው ለመምህራን የሚተርፍ ትምህርት አለው።

ጎንደር የተወለዱት ወርቅነህ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወገን ተለይተው ቢገኙ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በ1874 ዓ.ም. በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ከምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያ ሲደርሱ ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩአቸው። የእናታቸው ቋንቋ ግን ጠፍቶባቸው ስለ ነበር፣ የተማሩት ሐኪም አማርኛን እንደ አዲስ ለመማር ተገደዱ።

በትምህርት ቤቱ የጠበቃቸውም ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። ትምህርቱ የሚሰጠው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከመምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስለዚህም ሐኪም ወርቅነህ በአንድ ወገን ባለሙያዎችን ከባሕር ማዶ ሲፈልጉ፣ በሌላ ወገን በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። ዓለምን በባዕድ ቋንቋ ያወቁት ሰው፣ ያንኑ ዓለም በአገር ቋንቋ ለአገራቸው ልጆች አቀረቡ።

ዕድል ግን አልረዳቸውም። በጦርነቱ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሲሠሩ፣ በእንግሊዝ አገር ያስተማሯቸው ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አብረዋቸው ብዙ የተማሩ ወጣቶች ስላለቁ፣ ከነፃነት በኋላ ትምህርት እንደገና ከመሠረቱ መጀመር ነበረበት። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ፣ አስተማሪዎቹም በብዛት የውጭ ሰዎች ሆኑ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። የትምህርት ቋንቋ ጥያቄ ግን ዛሬም በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን መልስ ይጠብቃል። ሕይወታቸው እንደሚያስረዳው የባዕድ ቋንቋ የዕውቀት በር ነው፤ ሆኖም በዚያ በር የገባ ምሁር ያገኘውን ይዞ ወደ ወገኑ ካልተመለሰ፣ ትምህርቱ ሙሉ አይሆንም።