የሰላም መልእክተኛ፦ መርከቡን በእጁ የሠራው ሚስዮናዊ

ኪራሙ ወይም ነቀምቴ ተቀምጠው ይህን የሚያነቡ ከሆነ ባሕር ሩቅ ነው። ነገር ግን በነቀምቴ ወንጌልን ያገለገለው ኦነሲሞስ ነሲብም ባሕር ተሻግሮ በስዊድን የተማረ ሰው እንደ ነበር ያስታውሱ። ዛሬ ደግሞ ያለ መርከብ መኖር ያልቻለውን የጆን ዊልያምስን ሕይወት እንመልከት።

ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1796 በለንደን አካባቢ ተወለደ። ወጣት ሳለ በብረታ ብረት ሱቅ ሙያ ተማረ። በ1814 ጌታን አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር በለንደን ሚስዮናዊ ማኅበር ተልኮ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ተጓዘ።

በአንዲት ደሴት ብቻ ተወስኖ መቀመጥ ለእርሱ ከባድ ነበር። በ1822 መርከብ ገዛ፤ የማኅበሩ መሪዎች ግን አልወደዱትም፤ መርከቧም ተሸጠች። ታዲያ ዊልያምስ ተስፋ ቆረጠ? አልቆረጠም!

በ1827 በራሮቶንጋ ደሴት ሳለ መርከብ አጣ። ስለዚህ ራሱ ሊሠራ ተነሣ። መጋዝ ስላልነበረው ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ግንዱን በሽብልቅ ፈለጠ። ከነበሩት ጥቂት ፍየሎች ሦስቱን አርዶ በቆዳቸው ወናፍ ሠራ። አይጦች በሌሊት በሉበት! እርሱ ግን በእንጨት ሳጥን ነፋስ የሚገፋ ሌላ ወናፍ አበጀ። በምስማር ፈንታ የእንጨት ችንካር መታ፤ ገመዱን ከዛፍ ልጥ፣ ሸራውን ከሰሌን ሠራ። ለመሪዋ ብረት የተገኘው ከዶማና ከመሰል መሣሪያዎች ነበር።

በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሜትር ገደማ የምትረዝመው መርከብ ተጠናቀቀች፤ ስሟንም የሰላም መልእክተኛ አላት። በመጀመሪያ ጉዞዋ ምሰሶዋ ተሰበረ፤ ተጠግናም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አይቱታኪ ሄደች። ስትመለስ ከጫነቻቸው መካከል ድመቶች ይገኙበታል፤ አይጦቹን እንዲያጠፉ ነው! በ1830 በዚህችው መርከብ የደሴቶቹን ተወላጅ አስተማሪዎች ይዞ ሳሞአ ደረሰ።

ኋላ እንግሊዝ ተመልሶ ካምደን በምትባል ሌላ መርከብ ዳግመኛ ወጣ። ኅዳር 20 ቀን 1839 እ.ኤ.አ. በኤሮማንጋ ደሴት የባሕር ዳርቻ ተገደለ። ሆኖም ሥራው አልሞተም። የብሪታንያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም አዋጥተው በ1844 በስሙ የተጠራች መርከብ ወደዚያው ባሕር ላኩ።

ውድ ወገኔ፣ ዊልያምስ ሦስት ፍየልና አሮጌ ዶማ ነበረው። በእርስዎስ እጅ ያለው ምንድን ነው? ጌታ በዚያው ይጠቀምበት ዘንድ ይስጡት።