የሻማ ሠሪው ልጅ ጽሕፈትን እንዴት ተማረ?

የተማሪ ድርሰት ሲቀርብልን ብዙዎቻችን ቀይ እስክሪብቶ እናነሣና ከዳር እስከ ዳር እናዥጎረጉረዋለን። ልጁ ግን ምኑ ላይ እንደ ተሳሳተ ሳይገባው ደብተሩን ይከድናል። ስለዚህ ዛሬ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሕይወት እናነሣለን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንክሊን በ1706 በሰሜን አሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና የሚሠሩ፣ የ17 ልጆች አባት ነበሩ። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ በወንድሙ በጀምስ ማተሚያ ቤት ሥራ ለመልመድ ገባ።

በዚያን ጊዜ ሴቶች ይማሩ ወይስ አይማሩ በሚል ጉዳይ ከአንድ ጓደኛው ጋር በደብዳቤ ይከራከር ነበር። ደብዳቤዎቹ አባቱ እጅ ገቡ። እሳቸውም ማን ረታ ወደሚለው አልሄዱም። በፊደል አጻጻፍና በሥርዓተ ነጥብ ከጓደኛው እንደሚሻል ነገሩት፤ በአገላለጽ ውበት፣ በሐሳብ ቅደም ተከተልና በግልጽነት ግን እንደሚያንስ ከነምሳሌው አሳዩት። ልጁም አልተቀየመም፤ እልህ ያዘው እንጂ።

ስፔክቴተር የተባለውን የለንደን ጋዜጣ አንድ ጥራዝ ገዛ። ከጽሑፉ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ባጭር ባጭሩ ይይዝና ጥቂት ቀን ያስቀምጠዋል። ከዚያ መጽሐፉን ሳያይ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፋል፤ ከዋናው ጋር ያስተያይና ስሕተቱን ያርማል። የቃላት እጥረት እንዳለበት ሲያውቅ ታሪኩን ወደ ግጥም፣ ግጥሙን መልሶ ወደ ዝርው ይለውጥ ጀመር። አንዳንዴም ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ ያደበላልቅና ከሳምንታት በኋላ እንደገና በተራ ያስቀምጣቸዋል። የትኛው ሐሳብ መቅደም፣ የትኛው መከተል እንዳለበት የተማረው በዚህ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ሌሊት፣ ማለዳ ከሥራ በፊትና እሑድ እሑድ ነበር።

በ1722፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ወንድሙ እንዳይንቅበት ፈርቶ በአንዲት ባል የሞተባት ሴት ስም ጽፎ፣ የእጅ ጽሕፈቱንም ለውጦ፣ ወረቀቱን በማታ በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አሾለከው። ወንድሙና ወዳጆቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ አደነቁት! እንዲህ ያሉ 14 ደብዳቤዎች ታተሙለት። ኋላ የታወቀ አሳታሚ፣ የኤሌክትሪክ ተመራማሪና ዲፕሎማት ሆኖ በ1790 በ84 ዓመቱ አረፈ።

እኛስ? ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም። የአንድ ጥሩ አንቀጽ ዓረፍተ ነገሮችን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን፣ ደባልቀን ለልጆች እንስጥ፤ ኃይለ ቃሉን ፈልገው ሌሎቹን በተራ ያሰልፉ። ግን አስቀድመን ራሳችን እንሞክረው። ስናርምም እንደዚያ ሻማ ሠሪ አባት የሚሻልበትን አስቀድመን፣ የሚያንስበትን ከነምሳሌው እናሳይ። መስመር ማስመርማ ማንም አያቅተውም!