ምኒልክና ብረት ቀጥቃጩ

ዳግማዊ ምኒልክን በዐድዋ ድል የማያውቃቸው የለም። እኛ በዚህ እትም የምናነሳቸው ግን በብረት በኩል ነው።

የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ልጁን ወሰዷቸው፤ እስከ 1857 ዓ.ም. መቅደላ ቆዩ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ ለማሠራት ሲደክሙ፣ ወጣቱ ምኒልክ ወሬውን ሳይሰሙ አይቀሩም። ሸዋ ላይ ከነገሡ በኋላም ስዊዘርላንዳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በ1871 ዓ.ም. ተቀብለው አጠገባቸው አኖሩት። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ራሳቸው ነካክተው ካላዩት አያርፉም ነበር ይባላል።

የውጭው ባለእጅ እንዲህ ሲከበር የአገሩ ቀጥቃጭ ግን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ይሸሽ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ! ሰው ቢላውን ይገዛዋል፣ ከልጁ ጋር ግን አይጋባም።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሰደበ አንድ ዓመት ይታሰር አሉ። ጸሐፊውም በአዋጁ ውስጥ አለ፤ መጻፍ የቻለ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበርና። ጠመኔ ልንይዝ የተዘጋጀን ሁሉ ይሄን ልብ ብንለው ደግ ነው።

ለመሆኑ ያ የተናቀ ሰው የሚያውቀው ምንድነው? ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዓል ሲደርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል። የአንዱ ቢላ በጉን ገፎ፣ ሥጋውን በልቶ ይጨርሳል፤ የጎረቤቱ ቆዳው ሳይወልቅ ይዶለዱማል። ሁለቱም በአንድ ሞረድ ተስለው'ኮ ነው! ምስጢሩ ብረቱ ላይ ነው። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢያግሉትም ቢነክሩትም እምብዛም አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ ግማሽ ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ካርቦን አለው። ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲቀላ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ቢነከር ይጠጥራል። እንዲሁ ቢተው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ መልሶ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ፣ የተወለወለው ፊቱ ገለባ እስኪመስል ማሞቅ ያስፈልጋል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም። ጥላ ውስጥ ወናፉን እያስነፋ ቀለሙን በዓይኑ ይለያል፤ ፀሐይ ላይ ቢሆን ቀለሙ ያታልለዋል። እሳቱ ቢያልፍበት ስለቱ ይሸራረፋል፣ ቢያንስበት አይጠጥርም።

እኛ እንደሚመስለን ምኒልክ ይሄን ዕውቀት ከስድብ ለማዳን ሞክረዋል፣ ትምህርት ቤት ግን አላስገቡትም። በዚያው ሰሞን በስማቸው የተከፈተው ትምህርት ቤት በአመዛኙ ቋንቋ ነበር የሚያስተምረው። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ስድቡም ከሳቸው በኋላ ብዙ ኖረ። ዛሬም መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሲሆን፣ ወጣቱ ሙያውን የሚማረው ከጌታው አጠገብ ቆሞ፣ በዓይኑ እያየ ነው።