ዋልያን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ተጓዥ፦ ኤድዋርድ ሩፔል

በአዲስ አበባ ቦሌና በምሥራቃዊው የከተማዋ ክፍል፣ ጎሕ ሲቀድ ከጣሪያ በላይ እየጮኹ የሚያልፉ፣ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ጠቆር ያሉ ወፎች አሉ። ቀን ቀን በየግቢው ሣር ላይ ትል ሲለቅሙ ይውላሉ። በሕንፃዎች ጥግ የምትሰፍረውን፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያለባትን እርግብም ያላየ የከተማ ነዋሪ የለም። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም የሆነው፣ ከኋላ አንገቱ ነጣ ያለው ትልቁ ቁራም እንዲሁ የዕለት ተዕለት ጎረቤት ነው። እነዚህን ሦስት ወፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገልጾ ስም ያወጣላቸው አንድ ሰው ነው፤ ያንንም ያደረገው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳንም በዚሁ መዝገብ ያሰፈረ እርሱ ነው። ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በ1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ የባንክ ባለሙያ ቤት ተወለደ። የታሰበለትም ሙያ ንግድ ነበር። በ1817 ወደ ግብፅና ሲና በረሃ ባደረገው ጉዞ ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። ወደ ጣሊያን ተሻግሮ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ተማረ። በዚያው በ1817 በትውልድ ከተማው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተመሥርቶ ነበር፤ ሩፔል በኋላ የሰበሰባቸውን የእንስሳት ማስረጃዎች ያስረከበው ለዚህ ማኅበር ሙዚየም ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው ከሚካኤል ሃይ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነበር። ሲናን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ቀጥሎም የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ኑቢያን አየ። ወደ ሐበሻ ምድር ለመግባት ግን ያኔ አልሆነለትም፤ ምጽዋ ላይ በሽታ የጉዞ ባልደረቦቹን ስለጎዳ ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በበቃው ነበር። ሩፔል ግን በ1830 እንደገና ተነሣ። ከእርሱም ጋር ቴዎዶር ኤርከል የተባለ ወጣት ረዳት ነበር። በደጋው ገደላ ገደል የምትኖር አንዲት ትልቅ የቆቅ ዝርያ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሟ የምትጠራው በዚህ ረዳት ስም ነው፤ ስሙን ያወጣው ሩፔል ነው።

ወደ አገራችን የገባበት ወቅት የዘመነ መሳፍንት ብርቱ ዘመን ነበር። በየካቲት 1831 ደብረ ዓባይ ላይ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ሰባጋዲስ ድል ተነሥተው ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ሰሜን በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ ነበር። ነጋዴ ብቻውን በማይሄድበት፣ ሲራራ ተሰባስቦ በሚጓዝበት በዚያ ጊዜ፣ ቆዳ፣ አጥንትና በአልኮል የተሞላ ማሰሮ ጭኖ ተራራ መውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1832 ሩፔል የሰሜንን ተራሮች ወጣ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወርዶ እስከ 1833 ድረስ ቆየ።

በሰሜን ገደሎች ላይ የዋልያን ቀንድና ቆዳ አገኘ። ይህን ማለት ግን ሩፔል ዋልያን አገኘ ማለት አይደለም። ዋልያን የሰሜን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስሙንም ያወጣለት እርሱ ነው። ሩፔል ያደረገው ሌላ ሥራ ነው፤ ያም ሥራ በሚገባ ሊብራራ ይገባዋል።

አንድን እንስሳ አዲስ ዝርያ ነው ለማለት በመጀመሪያ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ያስፈልጋል። ቆዳው፣ የራስ ቅሉ ወይም መላ አካሉ እንዳይበሰብስ ተደርጎ ይቀመጣል። ቀጥሎ እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ቅርብ ዘመዶቹ ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸራል። ልዩነቱ በልኬትና በቃል ይጻፋል፤ ስዕል ይሠራለታል። ከዚያም የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በ1758 ለእንስሳት በደነገገው ሥርዓት ሁለት ቃላት ያሉት ስም ይሰጠዋል፤ አንዱ ቃል የወገኑ፣ ሌላው የራሱ ነው። ጽሑፉ ሲታተም ዝርያው ይመዘገባል፤ ማስረጃውም በሙዚየም ይኖራል፣ የሚጠራጠር ሁሉ ሄዶ እንዲያየው። በቤታችን ክዳን ሥር እንጨት እያኘከች ወረቀት መሰል ጎጆ የምትሠራዋ ተርብ እንኳ አዲስ ዝርያ ለመባል ዛሬም የምታልፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ሩፔል የሲናንና የቀይ ባሕር አካባቢን ያየ ሰው ነበር፤ የዋልያም የቅርብ ዘመድ በዚያ የሚኖረው የበረሃ ፍየል ነው። ዋልያ ግን ቀንዱ ይወፍራል፣ ፀጉሩ ይደምቃል፣ ግንባሩም ላይ የአጥንት ጉብታ አለው። በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ዝርያውን ሲመዘግብ ለራሱ ቃል የመረጠው ዋልያ የሚለውን ነው። ለጭላዳም እንዲሁ የአገሬውን ስም ወሰደ። ቀይ ቀበሮን በ1840 ሲመዘግብ ደግሞ የሰሜንን ስም ሰጠው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ተመራማሪ የንጉሡን ወይም የወዳጁን ስም በእንስሳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ እርሱ ራሱም ለኤርከል አድርጎታል። ይሁንና ከሁሉ የታወቁት ሦስቱ የአገሬውን ስም መያዛቸው የሚያስመሰግነው ይመስለናል። እንስሳቱን ያሳዩትና መንገድ የመሩት አዳኞች ስም ግን በሳይንሳዊ መዝገቡ የለም።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ ሌላም የሚነገር አለ። ሩፔል ከውሻና ከተኩላ ወገን መደበው። ከእርሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት ለብቻው ወገን ሠሩለት። በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረመል ጥናት ግን እንስሳው በእርግጥ የተኩላ ዘመድ መሆኑን አሳየ፤ ሩፔል በዓይኑና በመለኪያው ብቻ የሰጠው ምደባ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጸና። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ አምስት መቶ ገደማ ብቻ ነው። ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ከዋነኞቹ ጠላቶቹ አንዱ ነው፤ በተራራው ግርጌ ያለ ገበሬ ውሻውን ሲያስከትብ ቀበሮውንም ይጠብቃል።

ከጎንደር በታች ባለው ጣና ላይ የሠራው ደግሞ ብዙም አይነገርለትም። ከሐይቁ የወጡ ዓሣዎችን ሰብስቦ በርካታ ዝርያዎችን በ1835 መዘገበ፤ ከሰጣቸው ስሞች መካከል በሶና ነጅያ የመሳሰሉ የአገር ቤት ድምፅ ያላቸው ይገኙበታል። ከሰጣቸው ስሞች አንዳንዶቹ እንግዳ ዕጣ ገጠማቸው። በ1973 አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብዙዎቹን የባርበስ ዓሣዎች አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጨፈለቃቸው። በ1990ዎቹ በባሕር ዳር የሠሩ የደች ተመራማሪዎች ግን የዓሣዎቹን አፍ፣ ራስና አካል አንድ በአንድ ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ጥልቀት መርምረው፣ በጣና ብቻ የሚኖሩ ከአሥር በላይ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። የሩፔል ስሞችም ከተጣሉበት ተነሡ። ፍራንክፈርት ያስቀመጣቸው ማስረጃዎች ዋጋ የታየው እዚህ ላይ ነው።

ሩፔል ዓሣና ወፍ ብቻ አልሰበሰበም። በጎንደር የብራና መጻሕፍትን ገዛ፤ በአክሱም በድንጋይ የተቀረጹ የግዕዝ ጽሑፎችን ገለበጠ። ብራናዎቹ ዛሬም በፍራንክፈርት አሉ። ሰውየው በገንዘቡ ገዝቶ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማስረከቡ እውነት ነው፤ የጎንደር ተማሪ የአያቶቹን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር እንዳለበትም እውነት ነው።

በ1834 ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጉዞውን ታሪክ በሁለት ቅጽ፣ በ1838 እና በ1840 አሳተመ። በ1839 የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1845 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ፤ ክንፏ ሰማያዊ የሆነችው የደጋችን ዝይ የተመዘገበችው በዚያ ነው። በኋለኛው ዕድሜው ፊቱን ከእንስሳት ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዞረ። በታኅሣሥ 1884 በዘጠና ዓመቱ በፍራንክፈርት አረፈ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ነው።

የጣና ባርበሶች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐምሌ ጀምሮ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ በወንዝ አፍ የሚዘረጋውም በዚያው ወቅት ነው፤ ቁጥራቸው ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ የቀነሰውም በዋናነት ስለዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል ሩፔል በ1835 ስም ያወጣላቸው ዝርያዎች አሉ።