ፋዲሊ ዊልያም

«ማላይካ» የሚለው የስዋሂሊ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ትርጉሙ መልአክ ማለት ነው። ቃሉ ወደ ስዋሂሊ የገባው ከዓረብኛ ሲሆን፥ የዓረብኛውም ሆነ የእኛው መልአክ ሥራቸው አንድ ነው። በዚህ ቃል የተሰየመው የፍቅር ዘፈን ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥተው በዓለም ከታወቁት ዘፈኖች ግንባር ቀደሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውጭ አገር ዘፈኑን የሚያውቀው ሰው ብዙ ሲሆን፥ መጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸውን ኬንያዊ ጊታር ተጫዋች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ፋዲሊ ዊልያም የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ አገሩ ከሞምባሳ ወደብ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ አቅራቢያ የሚገኘው የታይታ ተራራማ አገር ነው። ምዳዊዳ የሚለው ሌላው ስሙም የታይታ ተወላጅ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ጊታር በኬንያ ገና አዲስ መሣሪያ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ኬንያውያን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተመልምለው ዘምተዋል። ከእነርሱም ከፊሎቹ በ1941 ፋሺስት ኢጣልያን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ ተሰልፈዋል፤ ኋላም ሌሎች እስከ በርማ ድረስ ተሻግረዋል። ከጦርነቱ የተመለሱት ወታደሮች ወደ አገራቸው ካመጧቸው ነገሮች አንዱ ጊታር ነበር። ወታደሮችን በሙዚቃ እንዲያጫውት ተመድቦ የነበረው ፉንዲ ኮንዴ በኤሌክትሪክ ጊታር ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ኬንያውያን አንዱ ለመሆን በቃ። ከምዕራብ በኩል ደግሞ የኮንጎው ዣን ቦስኮ ምዌንዳ ሸክላዎች ናይሮቢ ገቡ። የምዌንዳ አጨዋወት ወጣቶቹን እጅግ አስደነቃቸው። በአውራ ጣቱ የወፍራሞቹን አውታሮች ድምፅ እያስተጋባ፥ በሌባ ጣቱ ዜማውን በቀጭኖቹ ላይ ስለሚያወርድ፥ አንዱ ጊታር እንደ ሁለት ሆኖ ይሰማ ነበር። ክራር ሲገረፍና ሲደረደር የሰማ ሰው ልዩነቱን ለመገመት አያዳግተውም።

ወጣቱ ፋዲሊ ጊታሩን ይዞ የደረሰባት ናይሮቢ በ1899 የባቡር መሥሪያ ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ1952 ጀምሮ ቅኝ ገዥዎቹ የማው ማውን አመፅ ለመደምሰስ ያወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ 1960 ድረስ ጸንቶ ነበር። ፍተሻውና እስራቱ ብርቱ ቢሆንም፥ በአፍሪካውያን ሰፈሮች በሚገኙት አዳራሾች ጭፈራው አልተቋረጠም። ከዩጋንዳ፥ ከታንጋኒካና ከኮንጎ ሙዚቀኞች ወደዚች ከተማ ይጎርፉ ነበር፤ ሸክላ የሚቀረጸው በዚያ ነበርና። ይሁን እንጂ የሸክላ ድርጅቶቹ ባለቤቶች አውሮፓውያንና ሕንዶች ነበሩ። ሙዚቀኛው ብዙውን ጊዜ ለዘፈኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሎት ይሰናበት ነበር፤ ሸክላው አንድ መቶ ይሸጥ አንድ መቶ ሺህ ለእርሱ ያው ነው። የፋዲሊ ታሪክ በሙሉ የሚያያዘው ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

ፋዲሊ ጃምቦ ቦይስ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር ሆኖ «ማላይካ»ን ያስቀረጸው በ1960 ነው። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ግድም ነበር። የዘፈኑ ነገር በጥቂት ቃላት የሚነገር ነው። አንድ ወጣት አንዲት ልጃገረድ ይወዳል፤ ሊያገባትም ይመኛል፤ ነገር ግን ለወላጆቿ የሚሰጠው ጥሎሽ የለውም። ስለዚህ ከመዝፈን በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። ጥሎሽ ባለበት አገር ሁሉ ይህን ነገር በራሱ የማያውቅ ድኻ ወጣት አይገኝምና፥ ዘፈኑ ከአዳራሽ አዳራሽ፥ ከአገር አገር ለመተላለፍ ጊዜ አልፈጀበትም። የሚያስገርመው ግን፥ ማግባት ያቃተው ሰው እንጉርጉሮ ሆኖ ሳለ ዛሬ በሠርግ ላይ መዘፈኑ ነው።

ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ፋዲሊ ዘፈኑን እንደገና አስቀረጸው። በዚህ ጊዜ ቻርልስ ዎሮድ የተባለ እንግሊዛዊ በሚመራው በኢኳቶር ሳውንድ ስቱዲዮ ይሠራ ነበር። የኢኳቶር ባንድ በዚያን ዘመን በናይሮቢ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሲሆን፥ በውስጡ የትዊስት ንጉሥ እየተባለ የተወደሰው ዳውዲ ካባካ፥ እንዲሁም ከዛምቢያ የመጡት ናሺል ፒቼን ካዜምቤና ፒተር ጾጺ ተጫውተዋል። ትዊስት የተባለው ጭፈራ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ እነዚህ ሰዎች በስዋሂሊ ቃልና በአፍሪካ ምት የራሳቸው አድርገውታል።

ከዚህ በኋላ ዘፈኑ ከፋዲሊ እጅ እየራቀ ሄደ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ በ1965 ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ባወጣችው የዘፈን ስብስብ ውስጥ አካተተችው፤ ስብስቡም በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ1981 ቦኒ ኤም የተባለው በጀርመን የተቋቋመ ቡድን፥ በ1991 ደግሞ የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆ ተጫወቱት። በየሸክላው ጀርባ ላይ ግን የደራሲው ስም አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዱ የማኬባን ስም ሲጽፍ፥ ሌላው ደራሲው ያልታወቀ የሕዝብ ዘፈን ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የሕዝብ የተባለ ዘፈን ደግሞ ድርሻ የሚጠይቅ ባለቤት የለውም።

ክርክሩ በውጭ አገር ሰዎች ብቻ አልተወሰነም። ታንዛኒያዊው አዳም ሳሊም ዘፈኑን ከፋዲሊ በፊት በ1940ዎቹ ዓመታት እንደ ደረሰው ተናግሯል። ከኬንያም ሌሎች ተነሥተዋል። ፋዲሊ በበኩሉ ዘፈኑ ከራሱ ሕይወት የተቀዳ የራሱ ድርሰት መሆኑን ከመናገር ወደ ኋላ አላለም። ቃልና ዜማ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍበት አገር እንዲህ ያለውን ነገር እስከ ሥሩ ማጥራት ቀላል አይደለም። ሆኖም ዘፈኑን ከአዳራሽ አውጥቶ በሸክላ ለዓለም ያስተዋወቀው ፋዲሊ መሆኑን ተከራካሪዎቹም አይክዱም።

ፋዲሊ በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በወጣትነቱ በተጫወተባት ከተማ በናይሮቢ የካቲት 4 ቀን 1993 በእኛ አቆጣጠር፥ በ62 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። የደራሲነቱ ክርክር ከእርሱ ሞት በኋላም አልተቋጨም።