ደምን ማን ይጠብቃል?

ከአዋሽ ሰመራ ስገባ፣ ኩላሊቷን የሚያማት አክስቴ ሕክምናዋን ትታ ስልክ ላይ ያየችውን አልካላይን ውሃ ልትገዛ ስትል ደረስኩ። ክሎድ በርናርድን አነሳሁላት።

እ.ኤ.አ. በ1813 ፈረንሳይ ውስጥ ከወይን ገበሬ ቤት ተወለደ። ሊዮን መድኃኒት ቤት ሠራ፤ ቲያትር ጻፈ፤ በኋላ ሕክምና ተማረ። አንዴ ያልበሉ ጥንቸሎች ሽንት እንደ ሥጋ በል እንስሳት አሲዳማ ሆኖ አገኘው፤ ሣር ሲያበላቸው ወደ አልካላይን ተመለሰ። ለካ የተራበ ጥንቸል የራሱን ሥጋ ነው የሚበላው! የውጩ ቢለዋወጥም ሰውነት ውስጡን እንደሚጠብቅ ያስተማረውም እሱ ነው። በ1878 ሲሞት ፈረንሳይ በመንግሥት ደረጃ ቀበረችው።

ወተትና ሥጋ የለመደው የአፋር አርብቶ አደርም፣ ሽሮ የለመድኩት እኔም ጤነኛ እስከሆንን የደማችን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ምግብ በዋናነት የሚቀይረው ሽንትን ነው፤ ደምን የሚጠብቁት ሳንባና ኩላሊት ናቸው። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ሐኪም ያስፈልጋል። አክስቴም የውሃውን ብር ለቀጠሮዋ ትራንስፖርት አዋለችው።