ስሙን ደብቆ የጻፈው ቢራ ጠማቂ

ቤተሰቦች፣ ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ስትሄዱ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጂዮ ገዝቶት ነበር፤ በኋላ ለቢጂአይ ሸጠው። ዲያጂዮ የአየርላንዱ ጊነስ ቢራም ባለቤት ነው። የዛሬው ሰውያችን ከመቶ ዓመት በፊት እዚያ ጊነስ ውስጥ የሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቲ-ቴስት የሚባል ነገር ካንገላታችሁ፣ ጣጣው የመጣው ከሱ ነው።

ዊሊያም ሲሊ ጎሴት ይባላል። በ1876 እንግሊዝ ካንተርበሪ ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በ1899 ደብሊን ሄዶ ተቀጠረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የቱ ገብስ ይሻላል? ለዚህ መልስ ለማግኘት መዝራትና አዝመራ መጠበቅ ነው። ስለዚህ በእጁ የሚገባው መረጃ ሁሌም ጥቂት ነበር። የዘመኑ ቀመር ደግሞ የተሠራው ለብዙ ናሙና ነው። ጥቂት ቁጥሮች በአጋጣሚ ተቀራርበው ሊወጡ ይችላሉ፤ ያኔ ቀመሩ የሌለ እርግጠኝነት ይሰጣል።

ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ 4 ሰው ጠየቅን እንበል፤ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ደቂቃ ጠበቅን አሉ። አማካዩ 35 ነው። በድሮው ስሌት የሰልፈኛው ሁሉ እውነተኛ አማካይ ከ22 እስከ 48 ደቂቃ ባለው ውስጥ ነው ብለን 95 ከመቶ እንተማመናለን። በጎሴት ስሌት ግን ከ14 እስከ 56 ገደማ ይሆናል። ያውም ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው፤ ሰልፉ ጫፍ ላይ የቆሙትን ብቻ ከጠየቅን እሱም አያድነንም። እኛም እውነት ለመናገር፣ አምስት ሰው ጠይቀን የአየር ጤና ሕዝብ እንዲህ አለ ብለን የለጠፍንበት ቀን አለ።

እንዴት ደረሰበት? በ1906 ጊነስ ለንደን፣ ካርል ፒርሰን የሚባል ትልቅ ምሁር ዘንድ ላከው። ኮምፒውተር የለም። የ3000 እስረኞችን ቁመትና የግራ እጅ መሃል ጣት ርዝመት በ3000 ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈ፣ እንደ ካርታ በወዘ፣ አራት አራት አድርጎ 750 ናሙና አወጣ። ከዚያ በወረቀት ካገኘው ቀመር ጋር አመሳከረ። ተቀራረበ! ለትልቅ ናሙና በ1.96 ይባዛ የነበረው፣ ለ4 ሰው በ3.18 መባዛት አለበት።

ጥናቱን በ1908 ባዮሜትሪካ መጽሔት ላይ ሲያወጣ ስሙን አልጻፈም። ጊነስ ምስጢር እንዳይወጣበት ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር። ስቱደንት፣ ማለትም ተማሪ፣ ብሎ ፈረመ። ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ሮናልድ ፊሸር በሒሳብ አረጋግጦ በ1925 መጽሐፉ እስኪያስፋፋው ድረስ። ፊሸርና ፒርሰን የለየላቸው ባላንጣዎች ነበሩ፤ ጎሴት ግን የሁለቱም ወዳጅ ሆኖ ኖረ። እኛ ከቀመሩ እኩል ይሄን ወደድንለት።

በ1937 በ61 ዓመቱ ሲሞት የጊነስ ዋና ጠማቂ ነበር። ቀመሩ ዛሬም የስቱደንት ቲ ነው የሚባለው።